የታቀፈች ዶሮ አትሸሽም

(መሐል ሜዳ ከተማ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት፤ ጡረተኛው የታሪክ መምህር እንግዳወርቅ የሱፍ ባና ተከናንበው አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ወደ አዲስ አበባ ልትወስዳቸው የመጣችው ልጃቸው ሠናይት ከራስጌያቸው ቆማለች፤ መኪናው ደጅ ይጠብቃል።)

ሠናይት፦ ይነሱ እንጂ አባባ። ሾፌሩ ጉሙ ሳይወርድ ጣርማ በርን ማለፍ አለብን ብሏል።

እንግዳወርቅ፦ አልነሳም አላልኩም። አልችልም ነው ያልኩት። ሁለቱ ቃላት ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ አይጠያየቁም።

ሠናይት፦ ሰው በእንቁላል ምክንያት ከአልጋ መነሳት አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

እንግዳወርቅ፦ አንቺ እመኚኝ፤ የሌላው ይቆየኝ። በሆዴና በባናው መካከል ሰባት እንቁላል አለ። ብገላበጥ ይሰበራል፤ ብነሳ ይበርደዋል። የዚህን አገር ብርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ እንኳን እንቁላል ደንጊያ ያስነጥሳል።

ሠናይት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የተጋደሙት?

እንግዳወርቅ፦ ከትናንት ራት ወዲህ።

ሠናይት፦ የእማዬ ዶሮ እያለች እርስዎን ማን ታቀፉ አለዎት?

እንግዳወርቅ፦ ዶሮዋ ወጣ ብላለች። እሱን ተዪውና ጠዋት አጠያይቂ ያልኩሽን የመፈልፈያ ማሽን ንገሪኝ። የትኛው ይሻላል?

ሠናይት፦ ሦስት አግኝቻለሁ። አንደኛው እዚሁ ከገበያው በላይ ያለው አናጺ የሚሠራው ነው። የእንጨት ሣጥን ነው፤ ውስጡ አምፖል፣ ከሥሩ ለእርጥበት የሚሆን የውሃ ትሪ አለው። ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉ ራሱ ይጠፋል፤ ሲቀንስ ራሱ ይበራል።

እንግዳወርቅ፦ መብራት ሲኖር።

ሠናይት፦ መብራት ሲኖር።

እንግዳወርቅ፦ ሲጠፋስ?

ሠናይት፦ ብርድ ልብስ ደርቡበት አለኝ።

እንግዳወርቅ፦ ታዲያ እኔ ምን እያደረግሁ ነው? ይህ ሣጥን የእኔን ሥራ ሊሠራልኝ መጥቶ የእኔኑ ባና ይለምነኛል ማለት ነው። የሚያገላብጠውስ ማን ነው?

ሠናይት፦ በእጅ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ።

እንግዳወርቅ፦ ዶሮዋ ሳትቆጥር ነበር የምታገላብጠው። በይ ሁለተኛውን።

ሠናይት፦ ሁለተኛው ከውጭ የመጣ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ናት ያላት። ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ እንደ መስታወት ጥርት ያለ። ይኸኛው ግሩም ነው አባባ። ራሱ ያገላብጣል። ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል። ሲቀዘቅዝ ይጮኻል።

እንግዳወርቅ፦ ለማን?

ሠናይት፦ ምኑ ነው ለማን?

እንግዳወርቅ፦ የሚጮኸው። ቤት ሰው ከሌለ ለማን ይጮኻል?

ሠናይት፦ ሰው አይጠፋም። እኔ ሥራ ብሆን እንኳ ሠራተኛዋ አለች። ቀኑን ሙሉ እሷ ከቤት አትወጣም።

እንግዳወርቅ፦ እኔ የጠየቅሁሽ ስለ እንቁላሉ ነበር።

ሠናይት፦ እኔም የመለስኩት ስለ እንቁላሉ ነው።

እንግዳወርቅ፦ እንቁላል ሠራተኛ ተቀጥራለት አላየሁም። ይሁን፤ ሦስተኛው።

ሠናይት፦ ሦስተኛው መብራት አይፈልግም። የድሮ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ከሥሩ ፋኖስ ይበራል።

እንግዳወርቅ፦ ይኸ ሰው ይመስላል። ታዲያ ለምን በኋላ አደረግሽው?

ሠናይት፦ ላምባ ከከተማው ጠፍቷል።

እንግዳወርቅ፦ አንዱ መብራት ይጠይቃል፣ መብራት የለም። አንዱ ላምባ ይጠይቃል፣ ላምባ የለም። አንዱ ሰው ይጠይቃል።

ሠናይት፦ ሰው እንኳ አለ።

እንግዳወርቅ፦ እሱን ነው የምጠራጠረው።

ሠናይት፦ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደዚያ ያዞሩታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እኔ ትምህርት ሲከብደኝ፣ ሥራ ስፈልግ፣ ሁልጊዜ።

እንግዳወርቅ፦ ብያለሁ። በእግሩ ይሄዳል ነው ያልኩት። በሶኬት ይሄዳል ያለ የለም።

ሠናይት፦ በመኪናም ይሄዳል። ስሙኝ፤ ሾፌሩ ኢንቨርተር አለው። የፕላስቲኩን ማሽን ከመኪናው ባትሪ ጋር እናገናኘዋለን፤ ከዚህ እስከ ቤቴ ሞቆ ይደርሳል። እዚያ ከሶኬት እንሰካዋለን። የግብርናዋ ልጅ በውሰት ሰጥታኛለች፤ መኪናው ውስጥ ነው።

እንግዳወርቅ፦ ጭነሽዋል?

ሠናይት፦ ከኋላ ወንበር ላይ፤ በትራስ ደግፌ።

እንግዳወርቅ፦ እንዲያ ነው። ማሽኑ ይሄዳል፤ እንቁላሉ ማሽኑን ይከተላል፤ ሽማግሌው እንቁላሉን ይከተላል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

ሠናይት፦ መጫኛ የለኝም። መኪና ነው የያዝኩት።

እንግዳወርቅ፦ መጫኛው ረዘመ እንጂ ያው ነው። ደግሞስ ያ መንገድ ላም ያስወርዳል፤ እንቁላሉን ምን ሊያደርገው ነው?

ሠናይት፦ ቀስ ብሎ ይነዳል።

እንግዳወርቅ፦ ጉሙ ሳይወርድ እንድንቸኩል፣ እንቁላሉ እንዳይናወጥ ቀስ እንድንል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የነገሥታትን ዘመቻ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ የነደፈ አንድም አላየሁም። ተፈለፈሉ እንበል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጫጩት ምኑን ይጭራል?

ሠናይት፦ በረንዳ አለ።

እንግዳወርቅ፦ ሲሚንቶ።

ሠናይት፦ ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባል የለ? ሲሚንቶ ላይ ካራ አይወጣም። አንድ ጥቅም ነው።

እንግዳወርቅ፦ ይህችን ከእናትሽ ነው የወረስሻት። የእኔ ነገር ይከብዳል፤ የእሷ ይዋጋል።

ሠናይት፦ ደግሞም ዓይንዎን እዚያ ይታያሉ። ሞራው በአንድ ጠዋት ነው የሚገፈፈው። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል አነጋግሬያለሁ። የቤቱን በር እየዳበሱ የሚያገኙ ሰው እዚህ ብቻዎን ትቼዎት ስሄድ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ሻይ ሲጥዱ እጅዎን ተቃጠሉ አሉኝ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም።

እንግዳወርቅ፦ ጎረቤታችን ወርቅያንስ ናት። በዚህ ሰፈር ምስጢር በአጥር አይደለም የሚዞር፤ በእሷ ነው።

ሠናይት፦ እሳቸው ስለሚያዝኑልዎት ነው። አባባ፣ ይልቅ አንድ ነገር ታየኝ። ለምን በማሽን እንጨቃጨቃለን? ዶሮዋ ራሷ ከእኛ ጋር ትሂድ። በቅርጫት፣ ከነእንቁላሏ። እናት እያለች የምን ፕላስቲክ ነው? የት ነው የወጣችው? ልያዛት።

እንግዳወርቅ፦ አትያዝም።

ሠናይት፦ ለእኔ ትያዛለች።

እንግዳወርቅ፦ የትናንቱ ራት እንዴት ነበር?

ሠናይት፦ ግሩም ነበር። እትዬ ወርቅያንስ እጃቸው ይባረክ። ግን አሁን ራቱን ምን አመጣ...

እንግዳወርቅ፦ አሁን ገባሽ።

ሠናይት፦ አባባ። አይበሉኝ።

እንግዳወርቅ፦ እኔ ምንም አላልኩሽም። ሌሊቱንም ሙሉ ምንም አላልኩሽም።

ሠናይት፦ እንዴት እሷን? ግቢው ውስጥ ሌሎች ዶሮዎች አልነበሩም?

እንግዳወርቅ፦ ሁለት አሉ። ወርቅያንስ፣ ልጅ ከሩቅ መጣች፣ አባቷን ይዛ ልትሄድ ነው፣ በባዶ ሆድ አንሸኛትም ብላ ልጇን እረድ አለችው። እኔ ለእናትሽ የአሥራ ሁለት ፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ልጁ ሲያባርር ሁለቱ አጥር ዘለሉ። ሦስተኛዋ ከጭዷ አልተነቃነቀችም። የታቀፈች ዶሮ አትሸሽም፤ እጅ ሲመጣባት እንቁላሉን ይበልጥ አጥብቃ ትይዛለች እንጂ።

ሠናይት፦ ለምን ማታውኑ አልነገሩኝም?

እንግዳወርቅ፦ እግሯ አፍሽ ውስጥ ሳለ ምን ልበልሽ? እኔም የአባወራ ነው ተብዬ ፈረሰኛውን ጎርሻለሁ። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ ነው ከጎተራው ኋላ ያለው ዝምታ የተሰማኝ። ስትታቀፍ ታጉረመርም ነበር፤ ለራሷ ዳዊት እንደምትደግም ባልቴት። ሰው ሁሉ እዬዬ ሲል በከረመበት ሰሞን እንኳ አላቋረጠችም። እሱ ድምፅ ሲጠፋ ተነስቼ በመዳፌ ጭዱን ዳሰስኩ። ሊበርዱ ነበር።

ሠናይት፦ ወጡ ላይ የነበረው እንቁላልስ?

እንግዳወርቅ፦ ከሱቅ የመጣ ነው። ጠይቄያለሁ።

ሠናይት፦ ተመስገን።

እንግዳወርቅ፦ አትቸኩዪ፤ አውራው ይቀርሻል።

ሠናይት፦ የምን አውራ?

እንግዳወርቅ፦ እናትሽ ምግብ እንቢ ስትል በስልክ ያልሽኝን ረሳሽ? የአውራ ዶሮ መረቅ አቅም ይሰጣታልና ይስጧት ያልሽውን። አሳረድኩ። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አውራውን በስልክ አሳረድሽ፤ ታቃፊዋን በጣትሽ በላሽ። የዚህን ቤት የዶሮ ዘር በደግነት ፈጀሽው። ክፋት ቢሆን እኮ ይዞ መገሠጽ ይቻል ነበር፤ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ የሚባለው ለሌባ ነው። ደግነትን ግን ሰው ከምኑ ላይ ይቀጣዋል?

ሠናይት፦ ይቅር ይበሉኝ።

እንግዳወርቅ፦ ምኑን? በልቼ ጠገብኩ ብለሽ ነው? ተቀመጪ ይልቅ፤ ስትቆሚብኝ ብርድ ታስገቢያለሽ።

ሠናይት፦ ይኸው ተቀመጥኩ። ግን ቆይ። አውራው ከታረደ በኋላ ከሆነ እነዚህ ሰባቱ የተጣሉት...

እንግዳወርቅ፦ አስቤበታለሁ።

ሠናይት፦ ያለ አውራ እንቁላል ጫጩት አይሆንም አባባ።

እንግዳወርቅ፦ ይህን ለእናትሽ ንገሪያት። የወርቅያንስ አውራ አጥር ይዘላል ብላኛለች።

ሠናይት፦ እውነት ይዘላል?

እንግዳወርቅ፦ በዚህ ዓይኔ ምን አይቼ? ድምፁን ግን ከወዲህ በኩል ሰምቼዋለሁ። የሰማሁ ይመስለኛል።

ሠናይት፦ ድምፅ ዘር አይሆንም።

እንግዳወርቅ፦ አይሆንም። ግን ስትመርጣቸው አላየሻትም። ከዚህችው አልጋ ላይ ሆና፣ እኔ በሳህን አቅርቤላት፣ አንድ አንዱን በመዳፏ እየመዘነች፣ ከጆሮዋ እያስጠጋች ነበር። ጎዶሎ ይሁን፣ ሙሉ ቁጥር አይታቀፍም አለችኝ። ሰባት አወጣች። ከዚያ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? እነዚህ ሲነሱ እኔም እነሳለሁ አለች። ጨጓራ ነዋ በሽታዋ። በጨጓራ ማን ሞቶ ያውቃል?

ሠናይት፦ አባባ፣ ይህን ትተነዋል ብዬ ነበር።

እንግዳወርቅ፦ አንቺ ነሽ የተውሽው።

ሠናይት፦ ሐኪሙ እንደማትድን ባትነግሯት ይሻላል አለኝ።

እንግዳወርቅ፦ እሷን። እኔንስ እንዳትነግሪ ማን አለሽ? ከስልኩ ማዶ ምን አሉ ብዬ ስጠይቅሽ ጨጓራ ነው አልሽኝ። ድምፅሽ ፈትል አክሎ ነበር። መስመሩ ነው አልኩ። ሌላ ጊዜም ስደውል ትድናለች አልሽኝ፤ ያው ፈትል። አሁንም መስመሩ ነው አልኩ። ለቴሌኮሙኒኬሽን ያን ያህል ይቅር ባይ ሆኜ አላውቅም።

ሠናይት፦ ልናገር አፌን ስከፍት የሚወጣው እሱ ነበር። እርስዎ ደግሞ ከዚህ ማዶ ሆነው፣ እሰይ፣ ተመስገን ይሉ ነበር። እሰይ ያለን ሰው እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

እንግዳወርቅ፦ አልወቀስኩሽም። እኔ እኮ እናትሽን የሸኘኋት እንደሚድን ሰው ነው። ብርቱካን ሳመጣላት፣ ስታገግሚ ሸንኮራ ጠበል እንሄዳለን ስላት ነበር። አሁን እሷ የጀመረችውን ነገር ትቼ ብነሳ ምን ልባል ነው?

ሠናይት፦ ባዶ ከሆኑስ? ባዶ እንቁላል ታቅፈው ሰማይ ቢሞቅ፣ ምድር ቢሞቅ ምን ይመጣል? ሾፌሩ ሄደ ማለት ነው፤ እኔም ፈቃዴ አልቋል፤ ትቼዎት እገባለሁ። እርስዎ እዚህ ጨለማ ቤት ውስጥ ባዶ ቅርፊት ላይ ተኝተው። ይህን እያሰብኩ መድኃኒት ስቆጥር እሳሳታለሁ፤ ሰው እገድላለሁ አባባ።

እንግዳወርቅ፦ ባዶ መሆን አለመሆናቸውን የማይ ዓይን የለኝም።

ሠናይት፦ እኔ አለኝ። ስልኬም መብራት አለው።

እንግዳወርቅ፦ እናትሽ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ጨረር ነበር የምታየው። አጠገቤ ቆማ ስትመረምር ትዝ ይልሻል?

ሠናይት፦ ይለኛል። ብርሃን ካሳለፈ ባዶ ነው፤ ከጨለመ ሕይወት አለው።

እንግዳወርቅ፦ ከጨለመ ሕይወት አለው። ዓለም ሁሉ ብርሃን ሲለምን እኛ ቤት በዶሮ ወራት ጨለማ ይለመን ነበር። በይ እንግዲያው ውል እንግባ። ብርሃን ካሳለፉ ተነስቼ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ። አራተኛ ፎቅሽ ላይ እሰቀላለሁ፤ ዓይኔንም ታስገፍፊልኛለሽ፤ ለሠራተኛሽም እንደ ማሽንሽ ሲበርደኝ እጮኽላታለሁ።

ሠናይት፦ ከጨለሙስ?

እንግዳወርቅ፦ ሾፌሩን ታሰናብቺያለሽ። እስኪፈለፈሉ አልነቃነቅም፤ ከዚያም በኋላ ይነሱ እንሂድ ብለሽ አትጠይቂኝም። ጫጩት አሳዳጊ ሽማግሌ አገሩን አይለቅም።

ሠናይት፦ ቃልዎ ነው?

እንግዳወርቅ፦ ቃሌ ነው። የአንቺስ?

ሠናይት፦ የእኔም።

እንግዳወርቅ፦ ባናውን በዚህ በኩል ገለጥ አድርጊው። ትንሽ። አየር አታስገቢ። አንዱን አግኝተሽ አውጪ፤ ሌሎቹን እኔ እይዛለሁ።

ሠናይት፦ ክንድዎ አልነሳ አለኝ።

እንግዳወርቅ፦ ደንዝዞ ነው። ያዝሽው?

ሠናይት፦ ያዝኩት። ሙቀቱ ግን። እንዴት ይሞቃል።

እንግዳወርቅ፦ እሱ የእኔ ሙቀት ነው። የራሱ እንዳለው ነው የምትነግሪኝ። መብራቱን ከሥሩ አስጠጊ፤ በወፍራሙ ጫፍ በኩል።

ሠናይት፦ ቆይ። የስልኩ ብርሃን በርትቷል።

እንግዳወርቅ፦ ምን ይታይሻል?

ሠናይት፦ ጣቶቼ።

እንግዳወርቅ፦ ጣቶችሽ? በእንቁላሉ ውስጥ አልፎ?

ሠናይት፦ አይ፣ ከውጭ ነው። በጣቴ ጋርጄው ነው። ይኸው ያዙት፤ ሌላ ስጡኝ።

እንግዳወርቅ፦ የመጀመሪያው ምን ነበር?

ሠናይት፦ ሁሉንም አይቼ ልንገርዎት። አንድ በአንድ ስናገር እሳሳታለሁ።

እንግዳወርቅ፦ እንኪ። ይህን እናትሽ ከጆሮዋ ላይ አቆይታው ነበር፤ ጫፉ ሸካራ ነው፣ በዳሰሳ አውቀዋለሁ። እሱንስ?

ሠናይት፦ አየሁት። ሌላ።

እንግዳወርቅ፦ ቶሎ አየሽው።

ሠናይት፦ ለመድኩት። ሌላ።

እንግዳወርቅ፦ ውጭ የሚነፋው ጥሩምባ የእኛ ሾፌር ነው?

ሠናይት፦ ይንፋ።

እንግዳወርቅ፦ ጉሙ መጥቶበት ይሆናል።

ሠናይት፦ ይምጣበት አልኩ። ስንት ቀረ?

እንግዳወርቅ፦ ይኸው የመጨረሻው። ምነው እጅሽ በረደ?

ሠናይት፦ ቤቱ ነው። ያዙት፤ ጨርሻለሁ። ባናውን ልመልስልዎት።

እንግዳወርቅ፦ እሺ። ተናገሪ።

ሠናይት፦ ጨለማ ነው አባባ።

እንግዳወርቅ፦ ስንቱ?

ሠናይት፦ ሁሉም።

እንግዳወርቅ፦ ሰባቱም?

ሠናይት፦ ሰባቱም። ድቅድቅ ያለ። አንዱ እንዲያውም የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ውል ውል ነው፤ ሾፌሩን አሰናብተዋለሁ፤ ማሽኑንም ለልጅቷ እመልሳለሁ። እኔም አልሄድም፤ ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ ጥቂት ቀን እለምናለሁ። ተራ እንገባለን። እርስዎ ወጣ ብለው ፀሐይ ሲሞቁ እኔ እተኛባቸዋለሁ።

እንግዳወርቅ፦ እናትሽ በጤናዋ ዘመን፣ ያ ቀይ አውራ ግቢውን ሲገዛ በነበረ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ሁለቱ ሳያበሩባት ቀርተው አያውቁም።

ሠናይት፦ የዘንድሮው እንግዲህ የእሷ በረከት ነው።

እንግዳወርቅ፦ ድምፅሽ ቀጠነ።

ሠናይት፦ ብርዱ ነው።

እንግዳወርቅ፦ መስመሩ ነው በይኝ። ያኔስ ማዶ ነበርሽ፤ አሁን እኮ አጠገቤ ነሽ።

ሠናይት፦ አባባ፣ ሾፌሩን ልንገረው። እባክዎ።

እንግዳወርቅ፦ ልሸነፍልህ ብሎ የሚዋሽ ተሟጋች ገጥሞኝ አያውቅም። ጫማዬ ከአልጋው ሥር ነው፤ አቀብዪኝ። እነሱንም እዚሁ ባና ውስጥ ጠቅልያቸው፤ መንገዱ ይበርዳቸዋል።